ጽዋው እናኑ ቤት አደረ

ከደሴ መውጣት

ከደሴ የወጣነው በማለዳ ነው፤ ጦሳ ተራራ ጉሙን ገና ከራሱ ላይ ሳያወርድ። ዘሃራ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ከጎኔ መሪውን የያዘው ሾፌራችን ጋሽ ተስፉ ነው፤ የወልድያ ሰው፣ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው አገር የሚያሳይ ቀልደኛ። ገና ከመነሻዬ አንድ ነገር ላስታውቅ፤ በዚህ ጽሑፍ የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬዋለሁ፣ መንደሩንም አልጠራም። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

የሄድንበትን ጉዳይ ላስረዳ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው እናቶች እርጉዝ ሳሉ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ልጁም እንደተወለደ ሽሮፕ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ ስንቱ ልጅ ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ እንዳደገ፣ መድኃኒቱም ስንቱን ቤት ከሐዘን እንዳዳነ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ አያከራክርም። ግን እነዚህ ልጆች በእናታቸው ሆድ ሳሉ ከቫይረሱም ከመድኃኒቱም ጋር ከርመዋል። ነጻ ናችሁ ብለን ከሸኘናቸው በኋላ እንደ እኩዮቻቸው ይረዝማሉ ወይ? እንደ እኩዮቻቸው ፊደል ይለያሉ ወይ? የእኛ ጥናት የሚከታተለው ይህንን ነው። ላሊበላ ላይ የተመዘገቡ አንዳንድ እናቶች ከጦርነቱ ወዲህ ጠፍተውብን ስለነበር፣ እነሱን አግኝቼ ልጆቹን እንድለካ ተላክሁ።

ከጠፉት አንዷ ሳላያት ከልቤ ገብታ ነበር። ከእኔ በፊት ሥራውን የያዘችው ነርስ ስታስረክበኝ፣ «ይቺ ሴት በመጣች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ያኔ የዋጥኩት ኪኒን ልጄን ጎድቷት ይሆን? እንደ ሰው ልጅ ታድግልኛለች?» ባሏ ሞቷል፤ ልጇ አንድ ናት። ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው ተባልኩ። ለዚች ሴት መልስ ይዤላት ልሄድ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐይቅ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ጋሸና

ሐይቅ ላይ ዓሣ ሳይበሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ስለዚህ ነውር አልሠራንም። የተጠበሰውን ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። ባለቤቷ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ስትለን ጋሽ ተስፉ፣ «ዓሣውን ነው ወይስ ሐይቁን ጨምሮ?» ብሎ አሳቃት፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰችለትም። መርሳ ላይ ማንጎ ገዛን። ወልድያ ደርሰን ጋሽ ተስፉ ቤቱ ጎራ ብሎ ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ሙቀቱ ግንባሬን እያላበኝ ስለነበር ሳቅሁበት። «ትንሽ ቆይተሽ ትለምኚኛለሽ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከወልድያ ወደ ዲልብ የሚወጣው መንገድ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ደጋ ላይ ሲያወጣን ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው፤ ገብሱ አጭር፣ ነፋሱ ረጅም። ጋሸና መኪና አቁመን ከአንዲት ልጅ ቅቅል ድንች ገዛን፤ እጄን ያሞቅሁት በድንቹ ነው። ካፖርቱንም ለምኜ ለበስኩ። «የመርሳን ማንጎ በልተሽ የጋሸናን ብርድ መድፈር!» እያለ እስከ ላሊበላ ድረስ ሲያበሽቀኝ ሄደ።

ላሊበላ

ላሊበላ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ተራራው እያዘነበለች ነበር። ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ቁልፍ ሲሰጡን፣ «የፈለጋችሁትን ክፍል ምረጡ፣ ቱሪስቱ እንደሁ ጠፍቷል» አሉ፤ እያዘኑ ነው የሚስቁት። ሽሯቸው ግን ግሩም ነበር፤ የላስታ ነጭ ማርም ጨመሩልን።

እዚያ የምታገናኘን ዓለም የምትባል ሴት አለች። ራሷም መድኃኒቱን የምትወስድ እናት ናት፤ ሌሎቹን እናቶች የምታገኛቸው እሷ ናት። በቅዳሜ ገበያ ቅቤ የምትገዛ መስላ ትጠጋቸዋለች፣ ቀጠሮ ትይዝላቸዋለች፣ እነሱም እንደ ገበያተኛ መጥተው ልጃቸውን አስለክተው ይሄዳሉ። ያለ ዓለም የማንም ቤት አይኬድም፤ ደንባችን ነው። ያን ጊዜ ግን ዓለም ዘመድ ሞቶባት ለለቅሶ ኩልመስክ ሄዳለች አሉኝ። ስልኳ አይሠራም። እስከ ቅዳሜ መጠበቅ ነበረብኝ።

አልጠበቅሁም። መንገዱ ይዘጋል የሚል ወሬ ነበር፤ ወሬ ሁልጊዜም አለ። ቤቴም ናፍቆኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ ሴት ከነጥያቄዋ ስንት ጊዜ ትጠብቅ አልኩ። ሠፈሯ ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ገባ ብሎ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር እንደሆነ ተነግሮኛል። ስሟን አውቃለሁ፤ ታዲያ ምን ቀረኝ?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ሲስተር» አለኝ ጋሽ ተስፉ።

«እኔ አፍስሼ አላውቅም» አልኩት። ሞት ይርሳኝ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት።

የይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ

በማግሥቱ ወጣን። ዕለቱ ሃያ አንድ፣ የማርያም ቀን ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ገደሉን ከታች፣ የጥዱን ጫካ ከላይ እያየን ሄድን። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘን፤ ጋሽ ተስፉ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለ ሰላምታ ሲሰጥ መኪናው ከሰው እርምጃ በልጦ አልሄደም።

የጥናቱ መኪና መንደር አይገባም፤ ይህም ደንብ ነው። ነጭ መኪና የቆመበት ቤት በሰው አፍ ይገባል። ስለዚህ ራቅ አድርገን አቆምን። ጋሽ ተስፉ፣ «አገሩን አታውቂው፤ ስሟን ንገሪኝና እኔ ልጠይቅልሽ» አለኝ።

«የእናቶችን ስም ለሾፌር መንገር አይፈቀድም» አልኩት። ምስጢር የመጠበቄ ኩራት አሁን ድረስ ይታወሰኛል። እጁን አንሥቶ፣ «እሺ፣ ደንብ ነው» አለና መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። የቁመት መለኪያ ሰሌዳውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ብቻዬን ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ሳቅና የዳቦ ሽታ ይመጣል። ደጃፉ ላይ ብቅ ስል ማንቆርቆሪያ የያዘች ቀጭን ሴት፣ «ግቢ፣ ግቢ እንጂ! በማርያም ቀን እንግዳ ከደጅ አይመለስም» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። እናኑ ይሏታል። ማኅበር እየተጠጣ ነበር፤ ተራው የእሷ ነው። እስላም ብሆንም የወሎ ልጅ ነኝና ማኅበር ምን እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ጎረቤታሞች በየወሩ በተራ እየደገሱ በቅዱሱ ስም አንድ ላይ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ነው። መደቡ ላይ ነጭ የጠመጠሙ መምሬ ይርጋ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጽዋ አለ፤ ማኅበሩ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

ጠላ አልጠጣም ስላቸው ሳቁ። ዳቦው ተባርኮ ስለነበር እሱን ትተው ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፤ ወሎ ላይ በዚህ የሚቀየም የለም። ከጎኔ ያለችው ወይዘሮ ደብሬ፣ የእናኑ የቅርብ ጎረቤት፣ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ፣ «የኔ እመቤት፣ ምን እግር ጣለሽ?» አለችኝ።

«ከጤና ነው የመጣሁ» አልኩ። «ልጇን የምንከታተልላት እናት ነበረች፤ ጠፋችብን። ወለተ ሚካኤል ትባላለች። ቤቷ ወዴት ይሆን?»



«ወለተ ሚካኤል?» አለች ወይዘሮ ደብሬ። «እንዲህ የምትባል ሴት በዚህ አገር የለችም። ደግሞስ ይሄ የክርስትና ስም አይደል? በክርስትና ስሙ ማን ሰው ይጠራል?»

መምሬ ይርጋ አንገታቸውን ደፉ። እናኑ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በሩ አጠገብ ንፍሮ ስትቅም የነበረች ልጅ፣ ፀጉሯ ሹሩባ የተሠራ፣ ደስ ብሏት ብድግ አለች።

«እማዬ፣ አንቺን እኮ ነው! ስንቆርብ መምሬ የሚጠሩሽ!»

ያ ረቢ! ያኔ ነው የገባኝ። ወልደ ሚካኤል ተብሎ በአደባባይ የሚጠራ ስንት ሰው አለ፤ ወለተ ሚካኤልም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የሴትዮዋ መጠሪያ ስም ግን እናኑ ነው። የክርስትና ስሟን ደግሞ ካቆረቧት ቄስና ከልጇ በቀር ቤቱን ከሞላው ሰው አንድም የሚያውቀው አልነበረም።

«አንቺ፣» አለች ወይዘሮ ደብሬ፣ ግራ እንደገባው ሰው፣ «ሐኪም ቤት በክርስትና ስምሽ ምን አስጠራሽ?»

እናኑ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ከጥግ አንዲት ሴት፣ «ያቺም ስሟን ደብቃ ነበር የጀመረችው» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉም ሰማ። ያቺ ማን እንደሆነች እኔ አላወቅሁም። ሌሎቹ ግን አወቁ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

አፌ ተፈታ። ይሄ አፌ! «የሕፃናት ዕድገት ነው የምንለካው፤ የሁሉንም ልጆች ነው፣ ይኸው ሰሌዳውን ይዣለሁ» አልኩ። «እንግዲያ የኛንም ለኪያቸዋ» አለች አንዷ፤ ስትፈትነኝ መሆኑ ገብቶኛል። ደጅ ወጥቼ ሰሌዳውን ተከልኩና ያሉትን ልጆች ሁሉ ለካሁ። ልጅቷ፣ ካሳነሽ፣ ከወይዘሮ ደብሬ ልጅ ቀጥላ ቆመች። እኩያዋ ነው፤ በሁለት ጣት ትበልጠዋለች። ቀና ብዬ ሳይ እናኑ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። ያ ስንት ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ ዓይኗ ላይ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ግን መልሱን ብናገር ጥያቄውን ማውጣት ነው። «ጎበዝ፣ ቀጥ ብላ ቆመች» ብቻ አልኩ።

ተመልሰን ገባን። መምሬ ይርጋ ተነሥተው ጸለዩና ጽዋውን አንሥተው፣ «የሚመጣው ወር ተረኛ ማን ነው?» አሉ። ተረኛዋ ወይዘሮ ደብሬ ናት። ነጠላዋን አስተካከለች እንጂ አልተነሣችም።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ጣራዬ ያፈሳል። ለጊዜው እዚሁ ይደር» አለች።

ከእሷ ቀጥላ ያለችው ቤቷ በሽተኛ አለባት። ሦስተኛው ሰውዬ መንገድ ሊሄዱ ነው። አንድም ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ ሁሉም እግዜር ይስጥልን እያሉ፣ እናኑን እየመረቁ፣ ምክንያታቸውን አቀረቡ። መምሬ ይርጋ ጽዋውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ «ልጆቼ፣ ይህን የምትሰጣችሁ ማርያም ናት እኮ፤ ሰው አይደለም» አሉ። ማንም አልተነሣም። እናኑ ሄዳ ከእጃቸው ተቀበለችና በነጩ ጨርቅ መልሳ ሸፈነችው።

ቁልቁለቱ

ስወጣ እናኑ ልትሸኘኝ መጣች። እንግዳ ሳይሸኝ አይቀርም፤ በዚያም ቀን እንኳን አላስቀረችውም። ከመንደሩ ወረድ እንዳልን ቆመች።

«ያንን ስም የሰጠኋችሁ ከመምሬ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ ነው» አለችኝ። «አገሩ ላይ እኔን በዚህ ስም የሚፈልገኝ ሞት ብቻ ነው ብዬ።»

«ይቅር በዪኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ከዚህ በፊት እንደ እኔ በደሟ ያለባት አንዲት ነበረች። ስታወጣው ጊዜ ክፉ አልተናገሯትም። እንዲሁ፣ ዛሬ እንዳየሽው ነው። እርሻዋን የሚያርስላት ታጣ። ሄደች።» የእናኑንም መሬት የሚያርሱላት የወይዘሮ ደብሬ ባል ናቸው።

ከዚያ እናኑ፣ «ልጄ ስንት መጣች?» አለች።

ነገርኳት። እንደ እኩዮቿ ናት፣ እንዲያውም ከአንዳንዱ ትበልጣለች፣ ነጻም ናት አልኳት። በአንድ ቀን ልኬት ሁሉ ነገር እንደማይታወቅ፣ ትምህርቷም ሌላውም ገና ብዙ ዓመት መታየት እንዳለበት ጨመርኩ፤ ልዋሻት አልፈለግሁም።

«እሰይ» አለች። ፊቷ ለአፍታ በራ፤ ወላሂ፣ አየሁት። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞረች። «ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ተመላለስኩ። አሁን ከማን ጋር ደስ ይበለኝ?»

ቀጥላ፣ «ከእንግዲህ አትፈልጉኝ። ልጄንም አትለኳት» አለች። መብቷ ነው። መድኃኒቱን ብቻ እንዳትተው ለመንኳት።

«መድኃኒቱን የምወስደው ለእናንተ ብዬ መሰለሽ? ልጅ አለችኝ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ ነበረው። «ወገል ጤና ከተማ እህት አለችኝ። ከዚያ እወስዳለሁ።» ሄደች። አልተመለከተችኝም።

መኪናው ጋ ስደርስ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ ተስፉ ውሃ ሰጠኝና ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ስሙን ነገርኩት፤ ምን ቀረ ብዬ ልደብቀው? ጭንቅላቱን ያዘ።

«ወለተ ሚካኤል! ሲስተር፣ ይህን ስም ብትነግሪኝ ኖሮ ከመኪና አላስወርድሽም ነበር። ክርስቲያን ቤት ገብቶ በክርስትና ስም ሰው አይጠየቅም።»

እኔ ደግሞ ለእሱ አለመንገሬን እንደ ጀግንነት ይዤው ነበር። ትልቁን ደንብ ጥሼ ትንሹን አከበርኩ። ስለ ጽዋው ስጠይቀው፣ «ባለተራ ጽዋ ተቀበል ሲባል ጣራ አያነሣም፤ በሽተኛም አያነሣም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ጠፋ።

ኩልመስክ

የተመለስነው በኩልመስክ መንገድ ነው፤ ዓለምን ለማግኘት። መንገዱ አፈር ነው፣ አጭር ቢሆንም ወገብ ይቆርጣል። ከለቅሶ ቤቱ ጠርተን አስወጣናት። ጥቁር ለብሳ፣ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ መጣች። ነገሩን ስነግራት አልጮኸችም። የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ቅዳሜ እኮ እመለስ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«እናኑ በቅዳሜ ገበያ እንቁላል ይዛ ትመጣለች። ዓይን ለዓይን ተያይተን ይበቃን ነበር።» ነጠላዋን አጣፋች። «በይ ተዪው። ከጥናታችሁ ትውጣ። ከመድኃኒቱ እንዳትወጣ እኔ ወገል ጤና ድረስ ሄጄም ቢሆን አያታለሁ። አንቺ ግን ሁለተኛ ቤቷን አትርገጪ።»

እሺ አልኳት። ቀብሩ ላይ ያልደረስኩለት ሰው ለቅሶ ቤት ገብቼ ነፍስ ይማር አልኩና ወጣሁ። 

ደሴ

ቤቴ ገባሁ፤ አልሐምዱሊላህ። መሥሪያ ቤት ሄጄ የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ተናገርኩ፤ የሚገባኝንም ወቀሳ ሰማሁ። ወለተ ሚካኤል በራሷ ፈቃድ ከጥናቱ ወጥታለች ተባለ። ካሳነሽ ስታድግ እንዴት እንደሆነች፣ እናትየው የፈራችው ነገር ከንቱ ፍርሃት ይሁን አይሁን፣ ከእንግዲህ አናውቅም። በጥናቱ አንድ ልጅ ጎደለች ይባላል። እኔ የማውቀው ሹሩባዋን፣ ደስ ብሏት ብድግ ማለቷንና ያቺን ሁለት ጣት ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ብትጠይቁኝ ትልቅ ነገር የለኝም። ለሰው ደስታ እሮጣለሁ ብለህ የእሱን ደጅ በራስህ ሰዓት አትክፈት፤ ይኸው ነው። መልካም ማሰቤ እናኑን አንዳች አልጠቀማትም።

በሃያ ሰባት፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴን እትዬ አበባን ከግቢያችን በር ላይ አገኘኋት። ማኅበር ጠጥተው መበተናቸው ነው። በነጠላ የሸፈነችውን ጽዋ በሁለት እጇ ታቅፋ፣ እልል እያሉ የሚሸኟት ሴቶች ከኋላዋ፣ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ለእሷ መንገድ ልለቅ ግድግዳውን ተጠጋሁ። ሴቶቹ ካለፉ በኋላ አላስችል አለኝና ተከትያት ገባሁ።

«እትዬ አበባ፣ ጽዋውን የሚቀበል ሰው ቢጠፋስ?» አልኳት።

መደርደሪያው ላይ አስቀምጣው፣ ጥያቄዬ አስቋት ዞረች።

«ምን ነክቶሻል ዘሃሪቱ? የመድኃኔ ዓለምን ጽዋ አልቀበልም የሚል ሰው ከየት ይመጣል?»

 ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፤ እጄ ላይ ይዤው ቆምኩ።